የገባ የለም

አንሶላ ወጠረች በሁለት ዛፍ መሐል፣
አምፖል አንጠልጥላ «ጋሼ፣ ይሄ ይበቃል?»
እኔ ምን አውቃለሁ! ፊልም ሊታይ መስሎኝ
ካፖርቴን ደርቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩኝ።

ገላን ማዶ ነው ይህ፣ የዱቄት ፋብሪካ በር፣
ቀን ወፍጮ ሲያጓራ፣ ሌት ጅብ ሲዘዋወር።
የእኔ ሥራ መጠበቅ፣ በመዝገብ መጻፍ ነው፦
ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሰዓቱ ስንት ነው።

ሲመሽ መጡ እነሱ፣ አንድ ሁለት እያሉ፣
የእሳት እራቶቹ፣ ጨርቁን እየሞሉ።
የእሳት እራት ይሏል! ስም ያወጣው ማን ነው?
እሳትስ ይበላል፤ አምፖል ጥርስ የለው።
እስኪነጋ ድረስ ዙሪያውን ሲዞሩት
ጦሙን ነው ያደረ፣ ቀርቦለት ስንት እራት።

አንዷን በጠርሙስ አፍ ቀስ አርጋ ከድና
«አፍንጫዋን ይዩት» አለች፣ አቀረበችና።
ኩምቢ አላት እውነትም፣ ወደ ፊት የሾለ፣
ዝሆን በገብስ ፍሬ ልክ እንደተሣለ።
ስሟን ነገረችኝ በላቲን፣ በረጅም፣
ምላሴ ላይ ወጥቶ አልተቀመጠልኝም።
«ይቺንማ አውቃታለሁ፤ የመጋዘን ሌባ፣
በጆንያ ስፌት ሾልካ የምትገባ።
ባለፈው ሳምንት እንኳ መርዝ ረጩባት፣ በር ዘግተው፣
ሦስት ቀን እህል ውሃ መረረኝ ከሽታው።»

ሳቀች።
ረድኤት ነው ስሟ፤ ከአራት ኪሎ መጥታ
ትቆጥራለች እንዲህ፣ እንቅልፏን ሰውታ።
«ይቺ'ኮ» አለችኝ፣ «ወገኖች አሏት፣ ሩቅ፣
አንድ ደሴት ላይ ብቻ፣ ዙሪያው የባሕር ጥልቅ።
ነፋስ ነው የጣላቸው፣ ወይ ተንሳፋፊ ግንድ፤
ስንት ሺህ ዓመት አለፈ ሳይጠይቃቸው ዘመድ።
ክንፋቸው አጠረ፣ መብረሩን ፈሩና፣
ነፋሱ ወደ ባሕር ይጥላቸዋልና።
ቀለማቸው ሳይቀር ድንጋዩን መሰለ፤
ከዚያች ጉብታ በቀር አገር የሚሉት የለ።
የሚበሉት አንድ ሣር፣ እሱም እዚያው በቅሎ፣
ሣሩ የጠፋ ዕለት...»

አልጨረሰችውም። አምፖሉን አስተካከለች።

ዝም አልኩ።
በስተቀኝ ኮንዶሚኒየም፣ በስተግራም ከቧት፣
አንዲት ጎጆ አለች፣ ቀያሾች የረሷት።
ፋይሉ ጠፍቷል አሉ፤ «ነገ ና» እያሉ
ዓመቶች አምስት ሞሉ።
ደጃፏ ላይ መረሬ አለ፣ ስፋቱ የአልጋ ያህል፣
በየመስከረሙ ሽምብራ እዘራበታለሁ፦
ጥቁር ፍሬ፣ ጥቃቅን፣ ቆዳው የተሸበሸበ፣
የአባቴ ዘር።
ገበያ ላይ ካየሁት ቆየሁ።
ጎረቤቶቼ በካሳው ገንዘብ ሲበተኑ
ዘሩም አብሯቸው ሄደ፤ ተቆልቶ ነው መሰለኝ።
የቀረው በቆርቆሮ ነው፣ አልጋዬ ሥር፣ አንድ እፍኝ ተኩል።

ልነግራት ከጀልኩ።
ምን ብዬ? «እኔም ቤት ደሴት አለ» ልበላት?
አፌን ከፍቼ ነበር፤ ውሻው ጮኸና ተውኩት።

ሲነጋጋ አምፖሉን አጠፋች።
ጨርቁ ላይ የቀሩት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው፣
ተቀምጠው ነበር።
አራገፈቻቸው፣ አንሶላውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤
ጠርሙሱን ግን ለእኔ ሰጠችኝ፣
«ይቺን ቆጥሬያታለሁ፤ ይልቀቋት፣ ጋሼ» ብላ።

ከፈትኩ።
ኩምቢዋን ወደ ግራ፣ ኩምቢዋን ወደ ቀኝ አለች፣
ከዚያ ቀጥ ብላ፣ በተሰበረው የመጋዘን መስኮት፣
ወደ ዱቄቱ ገባች።

ሦስት ሺህ ኩንታል ነው ውስጡ። የእኔ አደራ ነው።
መዝገቡን አወጣሁ፣ እስክሪብቶውን በትንፋሼ አሞቅኩት፦
«ሌሊቱ ሰላም ነው። የወጣ የለም። የገባ የለም።»
ደበላ ቱሉ ብዬ ፈረምኩ።